በኪሎ የሚከፈለው

እኔ ዕቃ አድራሽ ነኝ፣ ሲንጁ ከተማ ላይ፤
ነፋሷ የማያርፍ፣ ከባሕር እስከ ሰማይ።
ታይዋን ውስጥ ስሟ «የነፋስ ከተማ»፤
ባርኔጣ የሚገዛ ሁለት ይግዛ፣ ስማ!
ደሞዜ በኪሎ፣ ሚዛን እንደነገረኝ፤
ሸክሙ ሲከብድልኝ ልቤ ቅልል የሚለኝ።

አባቴም አድራሽ ነው፤ በሱ ጊዜማ
ኮምፒውተር ቁም ሳጥን ነው፣ ያውም ባለ ግርማ፤
አራት ሰው ተሸክሞት፣ አምስተኛው ሲጮህ፣
«ቀስ! ቀስ! ወደ ግራ! ጣቴን! ኧረ ወዮህ!»
በዚያ ገንዘብ ነበር ቤታችን የቆመው፣
እህቴ የተዳረች፣ ጥርሴ የታከመው።

በኔ ጊዜ መጣና ሻንጣ አከለ፤
«ይሁን» አልኩ፤ ሻንጣም ቢሆን ኪሎ አለ።
ቀጥሎ መጽሐፍ ሆነ፣ ቀጥሎ የኪስ ቦርሳ፤
እሱ በከሳ ቁጥር የእኔም ምሳ ከሳ።
ሳሙና፣ ከዚያ ቁልፍ፣ ከዚያ ደግሞ ምስር፤
«አሁንስ ይብቃችሁ» ብል፣ ቀጠሉት በምስጢር።

ዋናው ጥፋተኛ ሊያው ዜሚን ይባላል፤
መሐንዲስ ነው፤ ዓይኑን በመነጽር ከልሏል።
«ይኸውልህ!» አለኝ አንድ ቀን በመዳፉ፤
አየሁ፤ መዳፉን ነው፤ ላብ ይዞታል ጫፉ።
«የታለ?» «እሱ'ኮ ነው!» «የቱ?» «ያ ነጥቡ!»
«ይሄ'ኮ ኪንታሮት ነው፤ ለሐኪም አቅርቡ!»
«መንኮራኩር ይነዳል፣ ብትፈልግ» ሲለኝ፣
እኔ የማስበው ስንት እንደሚከፍለኝ።
ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤
ሊያው ኮምፒውተር አለው፣ ራሱም የማያይ።

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፤ ዕቃው ሲያንስ፣ ሲያንስ፣
ካርቶኑ ይፋፋል፣ አልጋ እስኪያህል ድረስ።
ስፖንጅ በስፖንጅ ላይ፣ አየር የታሸገው፤
ባሥር ቋንቋ መመሪያ፣ ማንም ያልፈለገው፤
የመሰኪያው ገመድ እንደ ዘንዶ ወፍሮ፣
እሱ ግን መሐል ላይ፣ ቅማል አክሎ፣ አፍሮ።

ያን ሰሞን ነፋስ ነው፤ ነፋስ ለሹዪን ሲሳይ፤
የሊያው አማት ናት፤ ዘርግታ ፀሐይ ላይ
የሩዝ ኑድል ታደርቃለች በቀርከሃ ቆጥ፣
ጢም የሚመስል ነጭ ክር፣ ቢስቡት የማይቆረጥ።
«እማማ፣ ተመልከቺ» ብሎ መዳፉን ዘረጋላት፤
እሷም ጠጋ አለች፣ ማየት ስለተሳናት።
ያን ጊዜ ነፋሱ «እስቲ እኔም ልየው» አለ፤
መዳፉ ባዶ ቀረ፤ ድሮም ባዶ መስሎ የዋለ።
የሦስት ዓመት ልፋት፣ የስንቱ ምሁር ሌሊት፣
ገባ ከኑድሉ መሐል፣ ከሹዪን ንብረት።

አሥራ አምስት መሐንዲስ መጣ ተንበርክኮ፣
ባጉሊ መነጽር፣ ባፍንጫው ታክኮ።
«አታስነጥስ!» አለ አንዱ፣ ሲያስነጥስ ራሱ፤
«አገኘሁ!» ሲል ሌላው፣ የወፍ ሆነ ኩሱ።
ሹዪን ግን ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤
«የነካችሁትን ገዝታችኋል» አለች።
«ግን እኮ ኮምፒውተሩ…» «የቱ? እኔ አላየሁ፤
ያየሁት ኑድል ነው፤ ዋጋውን አውቃለሁ።»
ሊያው ቢለማመጣት፣ ደጋግሞ ቢል «እናቴ»፣
«ልጄን ስትወስድ እንኳ ትታይ ነበር፣ በሞቴ!»

ሲመሽ ተስማሙና ሁሉን ገዙት ጠቅልለው፤
«ላቦራቶሪ ይሂድ፣ እዚያ ይጣራ» ብለው።
ማን ይጫነው? እኔ! ስንት? ዘጠና ኪሎ!
የሚዛኑ ቀስት ሲሮጥ፣ ልቤ ሄደ ተከትሎ።
ደረሰኙ ላይ ጻፍኩ፦ «ኮምፒውተር፤ ብዛቱ አንድ፤
ዘጠና ኪሎ፤ አደራ፣ በፈላ ውሃ አይጣድ።»
አባቴ በሕይወት ቢኖር እንዴት በኮራብኝ!
ከሱ ቁም ሳጥን ይልቅ የኔ ነጥብ ከበደብኝ።

እነሱ እስከ ዛሬ ያጣራሉ።

እኔን ግን ያን ማታ፣ «ደክሞሃል፣ ብላ» ብላ፣
ሹዪን ሳህን አቀረበች፣ ካስቀረችው አብስላ።
ጣፈጠኝ፤ መሐል ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤
ሹዪን ቀና አለች፤ መንጋጋዬ ዋለለ።
«ጠጠር ነው?» አለችኝ።
«የለም» አልኩ፣ «ጨው ነው።»
ዋጥኩት።

በማግስቱ ሚዛን ላይ ወጥቼ ተለካሁ፤
ያው ነኝ፤ ግራም እንኳ አልጨመርኩም።
እሱ ካለ፣ ሆዴ ውስጥ ነው፤
ከተማውን አዞረዋለሁ፣
ጠዋት ማታ፣
በነጻ።